የእናንተም ጠፍቷል?

ከአምስት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወርደው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጡት እናት ስልካቸውን ደጋግመው ይሞክራሉ። አጠገባቸው ያለው ወጣት አላስቻለውም።

«እማማ፣ ማን አላነሳ ብሎዎት ነው?»

«የድሮ ጎረቤቴ። ሰፈራችን ፈርሶ ከፒያሳ ስንነሳ ኮንዶሚኒየም ለእሷ ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ ለእኔ ወዲህ ጫፍ ደረሰን። ከትናንት ጀምሮ ስልኳ ዝግ ነው።»

«መብራት ጠፍቶ ባትሪ ጨርሳ ይሆናላ።»

«ይሆናል። ግን ብቻዋን ናት፣ ስኳርም አለባት።»

«እዚያ ጎረቤት የላትም?»

«አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው የሚውለው። ፒያሳ ሳለን መብራት በጠፋ ቁጥር በአጥር በኩል ‹የእናንተም ጠፍቷል?› ትለኛለች። ‹ጠፍቷል› ስላት ሁለታችንም እንረጋጋለን።»

«አሁንስ?»

«አሁንም በጠፋ ቁጥር ደውላ ያንኑ ትጠይቀኛለች።»

«የእርስዎ ሰፈር እኮ መስመሩ ሌላ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። ባይጠፋም ጠፍቷል ነው የምላት። ትናንት ግን ሳትደውል ቀረች።»

«ታዲያ አሁን ወዴት ነው?»

«ከፒያሳ ሌላ ታክሲ ይዤ በሯን ላንኳኳ ነዋ። እስቲ ሹፌሩን ፈጠን እንዲል ንገርልኝ።»

ራስ መኮንን ድልድይ ስንደርስ ግድግዳ የምንጋራውን ጎረቤቴን ቁጥር ልፈልግ ብዬ ስልኬን አወጣሁ፤ ስሙን ግን አላውቀውም።