ሁለት ቺንጋ ወይስ አንድ

በመተማ ዮሐንስ ከተማ መካኒክ ነኝ። ጋሽ ደሴ የሚባሉ ሽማግሌ ሾፌር የጭነት መኪናቸውን ሞተር ሊያስቀይሩ መጡና፣ ስለ ቺንጋው፣ ማለት የውሃውን ፓምፕና ማራገቢያውን ስለሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ «ልጄ፣ እንደ ድሮው ሁለት ቀጫጭን ቺንጋ ይሁንልኝ፤ አንዱ ቢበጠስ በሌላው እገባለሁ» አሉኝ። እኔ ግን፣ «የዛሬ ሞተር ሁሉንም የሚያዞረው ባንድ ሰፊ ቺንጋ ነው፤ አይንሸራተትም፣ ቶሎም አያልቅም» ብዬ ሳቅሁባቸው። አምነውኝ እሺ አሉ።

በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ፣ ከወሎ ለሥራ የመጣ አንድ የቀን ሠራተኛ ወባ ጥሎት፣ ጋሽ ደሴ ከአብደራፊ ወደ ሐኪም ቤት ይዘውት ሲሄዱ ያ ቺንጋ ተበጠሰ። የውሃው ፓምፕ ቆመ፤ ሞተሩ ፈላ። በዚያ ሐሩር ሌላ መኪና ሲጠብቁ በሽተኛው አረፈ።

በሣልስቱ ጋሽ ደሴ ጋራዥ መጡ። ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን አጠገቤ ቁጭ አሉና፣ «መንገዱን ሁሉ ‹ደረስን ወይ አባቴ?› ይለኝ ነበር» አሉኝ።

«ምን አሉት?»

«መኪናዋ ቆማ ሳለ ‹አዎ፣ ደርሰናል› አልሁት። እፎይ ብሎ ዐይኑን ከደነ።»

ይህን ብለው ተነሥተው ሄዱ። ምነው በሰደቡኝ ኖሮ!