ለሥራ የተላኩ ሽማግሌዎች

በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን በሱዳኗ ገዳሪፍ ገበያ አጠገብ ጎረቤቴን ጋሼ ሰማኸኝን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ነጭ በነጭ ለብሰው አገኘኋቸው። እኔ የስደተኞች ልጆች አስተማሪ ነኝ።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? የማንን ልጅ ልትጠይቁ ሄዳችሁ ነው?» አልኳቸው።

«ለራሴው ልጅ ለፅናት ሥራ ልንለምን ነው እንጂ። የሰሊጥ መጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ፣ ሙዲሩ ዘንድ ሄደን፣ ዘበኛው ‹በኢንተርኔት አመልክቱ› ብሎ ከደጅ መለሰን። ሽማግሌ እንዲህ ይዋረዳል መምህር?»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ለሥራ እንደ ጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ማንም አላዋረዳችሁም። የሚኬድበት መንገድ ተለውጦ ነው። ፅናትስ ምን አለች?»

«ማመልከቻውን በስልኬ ልላከው ትላለች፤ ከልክያታለሁ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም? ሙዲሩ ፊቷን ሳያይ፣ ዋስ ሳትጠራለት እንዴት ያምናታል?»

«መናገሩማ አልቀረም፤ የምትናገረው በጽሑፍ ነው። ደግሞ ሥራ አስኪያጁ የሚፈልገው ገቢና ወጪውን ኮምፒውተር ላይ የሚመዘግብ ሰው ነው። መቻሏን እርስዎ ሊመሰክሩላት ይችላሉ?»

እንደማይችሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የማመልከቻው ጊዜ ነገ ያበቃል ጋሼ። ይህን ሁሉ ተምራ በእርስዎ ክልከላ አጨዳ ብትወርድ ይቆጭዎታል።» ያስተማርኳት ልጅ ናትና ትንሽ ተቆጥቼም ነበር።

አብረን ቤታቸው ገባን። ፅናት ስልኳን ይዛ ተነሳች።

«ኸላስ፣ በቃ አባዬ፣ ልላከው?»

«ላኪው እስቲ፤ እምቢ ካሉ ግን መምህርን ነው የምጠይቀው» አሉ።

በሳምንቱ ለፈተና ጠሯት። ጋሼ ሰማኸኝ አላስቻላቸውም፤ እኔንም አስከትለው መጋዘኑ በር ላይ ጠበቋት። ስትወጣ ፊቷ ፈክቷል።

«ተቀበሉኝ አባዬ።»

«ከየት ነሽ አሉሽ? ምን አልሻቸው?»

«ከየት ነሽ ያለኝ የለም። ምን ትችያለሽ ብለው ኮምፒውተሩ ላይ አስቀመጡኝ፤ ሠርቼ አሳየኋቸው።»

ጋሼ ሰማኸኝ እንባቸው መጣ። ሱዳን ከገቡ ጀምሮ ‹ከየት ነህ› ሳይባሉ ሥራ አግኝተው አያውቁም።

ልጁን ኮምፒውተር ያስተማረ ወላጅ ከአጨዳ ሌላ የሚመርጠው እንጀራ ሰጠው ማለት ነው፤ ስልክም ለወሬ ብቻ አልተፈጠረም። ይህን ምክር ዛሬ ከእኔ ይልቅ ጋሼ ሰማኸኝ ናቸው ለጎረቤት የሚያዳርሱት። «ልጆቻችሁን አስተምሩ፤ እኛ ደጅ ስንጠና አርጅተናል፣ እነሱ አይጥኑ» ይላሉ።