በአማቴ ኪስ ውስጥ የነበረው ፓፍ

የልጄን አስም ያህል የሚያስፈራኝ ነገር የለም። ደረቷ ማፏጨት ሲጀምር የእኔም ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሐኪም ያዘዘላት በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ እኛ ፓፍ የምንለው፣ በአማቴ የሽርጥ ኪስ ውስጥ በመርፌ ቁልፍ ተዘግቶ ይኖር ነበር። ልጅቷ አንድ ጊዜ ስባው ልቧ ሲደልቅ፣ እጇም ሲንቀጠቀጥ ካዩ ወዲህ፣ ከንፈሯ ካልጠቆረ በቀር አይሰጧትም። ብለምናቸውም አይሰሙኝም።

አንድ ቀን ሦስታችን ከገበያ ተመልሰን የምንኖርበትን ፎቅ ደረጃ ስንወጣ ልጄ መሐል ላይ ቁጭ አለች። መናገር አቅቷት እጇን ወደ አያቷ ዘረጋች።

«ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ ሚጣዬ፤ ይለቅሻል» አሉ አማቴ፣ ኪሳቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው።

ፋርማሲ የሚሠራው ወጣት ጎረቤታችን በዚያው ቅጽበት ከኋላችን ደረሰ። የልጄ ትከሻ ከትንፋሿ ጋር ሽቅብ ቁልቁል ሲል አይቶ ቦርሳውን አስቀመጠ።

«እማማ፣ መድኃኒቷን ይስጧት እንጂ።»

«አንተ የክኒን ነጋዴ! ልብ የሚያስሮጥ ነገር መድኃኒት ነው? ያለችኝ የልጅ ልጅ እሷ ብቻ ናት።»

«ለልቧማ የሚብሰው አየር ማጣቷ ነው።»

አማቴ መልስ ሊሰጡት አፋቸውን ሲከፍቱ ከላይ የብረት ድምፅ ተሰማ። ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ይዞ የሚወርድ ሰው አምልጦት ኖሮ፣ ሲሊንደሩ እየተንከባለለ በቀጥታ ወደ ልጄ መጣ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ጉልበቴን እያሉ ደረጃውን ግድግዳ ይዘው የሚወጡት አማቴ ግን ዘለው ልጅቷን ብብቷ ስር ይዘው ወደ ጎን አነሷት። ሲሊንደሩ አልፎን ከታች ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

አማቴ ኪሳቸውን ለመክፈት ቢታገሉ ጣታቸው አልታዘዝ አላቸው። መርፌ ቁልፉን እኔ ፈታሁት፤ ልጄም ፓፏን ሳበች። ፉጨቱ እየቀነሰ፣ ፊቷም ቀለሙን እየመለሰ ሲመጣ ወጣቱ ወደ አማቴ ዞረ።

«ልብዎ እንዴት ነው፣ እማማ?»

«ሊወጣ ነው እንጂ! እጄንስ አታየውም?»

«ታዲያ ለእርስዎ ማን ፓፍ ሰጠዎት?»

አማቴ እጃቸውን አገላብጠው አዩት።

ወጣቱ አጠገባቸው ተቀምጦ ቀስ እያለ አስረዳቸው። ሰው አደጋ ሲያይ፣ ሲምፓቴቲክ የሚባለው የነርቭ መስመር ይነቃል፤ አድሬናሊን የሚባል ንጥረ ነገርም ወደ ደም ይለቀቃል። ያኔ ልብ ይፈጥናል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የሳንባ ቱቦዎችም አየር በደንብ እንዲገባ ይከፈታሉ። የልጄ ፓፍ የተሠራው ያንን ንጥረ ነገር እንዲመስል ነው። ዋና ሥራው ሳንባ ላይ ሲሆን የጠበቡትን ቱቦዎች ያላላል፤ ጥቂቱ ግን ወደ ልብና ወደ እጅ ይደርሳል። መንቀጥቀጡ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ቆይቶ ይለቃል። ፓፉን ቶሎ ቶሎ የምትፈልገው ከሆነ ወይም ስባውም ካልተሻላት ግን ሳንዘገይ ወደ ሐኪም እንድንወስዳት አስጠነቀቀን።

«እርስዎስ አፍንጫዎ ሲዘጋ ምን ይወስዳሉ?» አላቸው በመጨረሻ።

አማቴ የጉንፋን ክኒናቸውን ስም ነገሩት። እሱም ክኒኑ እንደ ፓፉ የአድሬናሊን ዘመድ መሆኑን፣ አፍንጫ የሚከፍተው የደም ሥር አጥብቦ ስለሆነ እንደ እሳቸው ደም ግፊት ላለበት ሰው እንደማይመከር ነገራቸው።

«እንግዲህ የልጅቱን ከልክዬ የራሴን ስቅም ነው የኖርኩት በለኛ» አሉ አማቴ። ከዚያ መርፌ ቁልፉን ከእጄ ወስደው ሽርጣቸው ላይ ባዶውን ሰኩት።

ዛሬ ፓፉ በልጄ ቦርሳ ውስጥ ነው። ደረቷ እንደጠበባት ስለምትስበው ከንፈሯ ሲጠቁር አላየሁም፤ ደረጃውንም ከእኔ ቀድማ ትወጣለች። የጉንፋኑ ክኒን ከቤታችን ወጥቷል፤ የአማቴም ግፊት ወርዷል። እኔ አሁንም ሌሊት ትንፋሿን ሳላዳምጥ አልተኛም። አማቴ ግን ልጅቷ ፓፏን ስባ ስትንቀጠቀጥ እጇን በሁለት እጃቸው ይይዙና፣ «አይዞሽ፣ ያልፋል፤ የእኔም አልፏል» ይሏታል።