እፍኛቸውን ያስመዘኑት አቶ የሺዋስ አንሙት

ከቁይ፣ ከይጁቤና ከአማኑኤል ድረስ ተነሥታችሁ የሐዘናችን ተካፋይ የሆናችሁ ወገኖቻችን፣ የታላቅ ወንድሜን የአቶ የሺዋስ አንሙትን ዜና ሕይወት እንዳነብ ቤተሰቡ አዝዞኛል፤ ሰባት ዓመት ያኮረፍኳቸው ምስጋናው መሆኔን የምታውቁ ታውቃላችሁና፣ እያፈርኩም ቢሆን ላንብበው።

አቶ የሺዋስ ከአባታቸው ከአቶ አንሙት ገብረ ማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስሜነሽ ሙሉሰው በ1944 ዓ.ም. ይጁቤ አቅራቢያ ተወለዱ። ከቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ፣ ዘመናዊውንም ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ተከታትለው በእርሻ ሥራ ተሰማሩ። በ1966 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሥራነሽ የኋላሸት ጋር በተክሊል ተጋብተው ማርያማዊትንና ዓለምነውን አፈሩ።

አባታችን ሊያርፉ ሲሉ የስኳር በሽታ ያበርዳል የሚባለውን ቅጠል ለበኩር ልጃቸው ብቻ አሳይተው፣ ምስጢሩ ከአፍ ከወጣ መድኃኒቱ ይረክሳል ብለው አስማሏቸው። አቶ የሺዋስም ሠላሳ ዓመት ያህል ማልደው በጾም እየቆረጡ፣ በእፍኛቸው እየለኩና እየቀቀሉ ለሕመምተኛው ሁሉ ሰጡ። እኔም የስኳር ሕመምተኛ ነኝና፣ የሐኪሙን መርፌ ትቼ የእርሳቸውን እጅ አምኜ እጠጣ ነበር። የቅጠሉን ስም ግን አልጠራም፤ ነገ ጠዋት ማሰሮ የምትጥዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ!

በ2009 ዓ.ም. መድኃኒቱን ይጠጣ የነበረ አንድ የቁይ ሰው በድንገት ቢሞትባቸው ሰላም አጡ። የመሐላውን ነገር ለንስሐ አባታቸው ነግረው፣ ቅጠሉን በኩታቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ደብረ ማርቆስ ወደሚገኙት ተመራማሪ ወደ ዶክተር ሕሊና ሄዱ። ተመራማሪዋ ልኩን ቢጠይቋቸው እፍኛቸውን አሳዩ፤ ሰባት ጊዜ ዘግነው ሚዛን ላይ ቢያደርጉት ሰባቱም ተለያየ። ከዚያም ጭማቂው ስኳር በያዛቸው አይጦች ላይ ሲሞከር፣ በትንሹ እፍኝ ልክ የተሰጣቸው ስኳራቸው ንቅንቅ ሳይል ቀረ፤ በመካከለኛው ልክ የተሰጣቸው ወረደላቸው፤ በትልቁ ልክ የተሰጣቸው ሞቱ። ጉድ በሉ! አንድ እጅ፣ በአንድ ማለዳ! አባታችን አልዋሹም፣ ቅጠሉ በእርግጥ ስኳር ያወርዳል፤ ለሰው የሚሆነው ልኩ ግን እስከ ዛሬ ገና እየተጠና ነው።

እኔን እስከ ዕለተ ሞቴ የሚደንቀኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ዝም ቢሉ ማን ይጠይቃቸው ነበር? እርሳቸው ግን በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ዱላቸውን ይዘው፣ በየገበያውና በየደጀ ሰላሙ እየቆሙ፣ የሰጠኋችሁን ድፉት፣ ተሳስቻለሁ፣ ወደ ሐኪም ሂዱ እያሉ ሰዉን ለመኑ። የሳቀባቸው ሳቀ፣ አረጁ ያላቸውም አለ። ከሁሉ የከፋሁት እኔ ነበርኩ፤ የአባታችንን ምስጢር አረከሱት ብዬ በሬን ዘጋሁባቸው። ከደጄ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሦስት ቀን ዋሉ፤ ቅጠሉንም መርፌውንም ያጣሁት እኔ በሦስተኛው ቀን ራሴን ስቼ ስወድቅ፣ በሩን ገንጥለው ገብተው በቃሬዛ ሆስፒታል አደረሱኝ። ከዳንኩም በኋላ አኮረፍኩ፤ አወይ የሰው ልብ!

አቶ የሺዋስ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ፣ ገብቼ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ይቅርታዬን ሳያስጨርሱኝ፣ ጠዋት መርፌዬን ተወግቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። እስኪያርፉም ድረስ በየቀኑ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነበር። ትናንት፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሥራነሽን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ቃላቸውን ሰምታችሁ ወደ ሐኪም የተመለሳችሁትንና ዛሬ ከመካከላችን የቆማችሁትን፣ ደግሞም በእርሳቸው ግትርነት በሕይወት ያለሁትን እኔን ትተው ሄደዋል። ስማቸውን ጥለው ነፍስ ያተረፉትን ወንድማችንን፣ ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ እናንተንም ከደጃችሁ ሐዘን ያርቅላችሁ፤ አሜን።

ጋሼ፣ ዛሬም መርፌዬን ተወግቼ ነው የመጣሁት።