የነህምያ ዘጠኝ ሺህ ብር

የገብስ ነጋዴዋ ተሻለች ክፉ ነገር ለመጠርጠር ማስረጃ የምትጠብቅ ሴት አልነበረችም። ስልኳ በማለዳ ከጠራ ሰው ሞቷል ብላ ነው የምታነሳው። የዚያን ቀን ግን፣ በእሷ ቤት፣ ማስረጃም አግኝታለች።

ልጇ ነህምያ አሰላ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ወጣቶችን እያስከፈለ የቪዲዮ ጌም ያጫውታል። የዘንድሮውን የእግር ኳስ ጌም ካላስገባሁ ደንበኞቼ ሌላ ቤት ይሄዱብኛል ብሎ ዘጠኝ ሺህ ብር ለምኗታል። ልትሰጠው ቆርጣ ሳለ ጎረቤቷ ካሣዬ፣ ያንኑ ጌም በስልክ የሚሸጥ ሰው እንዳለና ለእህቱ ልጅ በአራት ሺህ እንደገዛለት ነገራት። ታዲያ አምስት ሺው የት ሊገባ ነው? ውርርድ ቤት እንደሚገባ ተሻለች ለራሷ መለሰች። ብሩን በቦርሳዋ ይዛ ወጣች፤ ልጇን ፊት ለፊት ጠይቃ፣ ካመነ ቤቱን አዘግታ ዴራ ከተማ ያለው አጎቱ ዘንድ ልትልከው።

የገባችበት ባጃጅ ሦስተኛ ሰው እስኪያገኝ አልሄድም ብሎ ቆመ። ሁለተኛዋ ተሳፋሪ ራቢያ ነበረች፤ የጎረቤቷ የሰኪና ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሂሳብ አያያዝ መምህርት። ጤንነቷን ስትጠይቃት ተሻለች ያለ የሌለውን ዘረገፈችላት። ራቢያ አልሳቀችም። ስልኳን አውጥታ ያንኑ ጌም በሦስት አገር የኢንተርኔት መደብር አሳየቻት፤ ሦስት ዋጋ።

«አንድ ዕቃ አንድ ዋጋ ነው ያለው» አለች ተሻለች። «ሦስት ከሆነ ሁለቱ ሌቦች ናቸው።»

«እትዬ ተሻለች፣ ገብሱን ሮቤ በገዙበት ዋጋ ነው አሰላ የሚሸጡት?»

«የመኪናውን ማን ሊከፍልልኝ? የጫኙንስ? ቀረጡንስ?»

«ታዲያ እርስዎ ሌባ ነዎት?»

«እሱንማ ገበሬውን መጠየቅ ነው» አለ ባለ ባጃጁ ጉቱ፣ በመስታወት እያያቸው። ተሻለች ገላመጠችው።

ጌም በመኪና አይጫንም፤ ግን እያንዳንዱ አገር የራሱ ታክስና የራሱ ገንዘብ አለው። ገንዘቡ በደከመበት፣ ሰዉ ገቢው ባነሰበት አገር ሻጩ አንዳንዴ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል። አንዱ መደብር ታክሱን ዋጋው ውስጥ ከትቶ ያሳያል፤ ሌላው ደብቆ አቆይቶ ሊከፍሉ ሲሉ ያመጣዋል። የጌሙ ዋጋ በዶላር ባለበት ቢቆም እንኳ ብራችን ሲወርድ ለእኛ ይወደዳል። ራቢያ ይህን ሁሉ በገብስ እየመሰለች አስረዳቻት፤ ተሻለችም ገብስ ሲባል ጆሮዋ ይከፈታል።

«ያ አራት ሺውስ?»

«ያ ለሌላ አገር ሰው የተተመነ ዋጋ ነው። ሻጩ እዚያ የሚኖር መስሎ አካውንት ይከፍትና የይለፍ ቃሉን ይሸጥላችኋል። መደብሩ የነቃ ቀን ይዘጋዋል። ደረሰኝ የለዎትም፣ ማንን ይከሳሉ?»

«ይዘጋል» አለች ተሻለች። መዘጋቱን ለማመን ጊዜ አልፈጀባትም። የልጇን ነገር ግን ገና አላመነችም፤ ዘጠኝ ሺውን እንድታሰላላት ራቢያን ለመነቻት።

ስልሳ ዶላር፣ በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ በመቶ ሃምሳ ሲመታ ዘጠኝ ሺህ መጣ። ተሻለች ልትተነፍስ ስትል ራቢያ ጣቷን ወደ ታች አወረደች። እዚያ፣ በትንንሽ ፊደል፣ አሥራ አምስት በመቶ ታክስ ይታከላል ይላል፤ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር። የባንኩ አገልግሎት ደግሞ ለብቻው ነው።

«ታዲያ ለምን ዘጠኝ አለኝ?»

«ታክሱን ረስቶት ነዋ። ሊሰርቅዎ ቢፈልግ ኖሮ ጨምሮ ይጠይቅዎት ነበር እንጂ አጉድሎ ይጠይቅዎታል?»

ሦስተኛው ተሳፋሪ መጥቶ ባጃጁ ተነሳ፤ ተሻለችም ቦርሳዋን እንዳቀፈች ከልጇ ጌም ቤት ፊት ለፊት ወረደች።

ነህምያ በር ላይ ሲያያት ደነገጠ። ዘጠኝ ሺውን ቆጥራ፣ ከገብስ ሽያጩ ደግሞ ሺህ አምስት መቶ ጨመረችበት።

«እማዬ፣ ዘጠኝ ነው ያልኩሽ።»

«ታክሱስ? የባንኩስ? እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል?»

ልጁ ስልኩን አውጥቶ ወደ ታች ወረደ፤ አንብቦ ሲጨርስ ጆሮው ቀልቷል። ውርርድ ቤት የሚል ቃል ከአፏ ሳይወጣ በመቅረቱ ተሻለች አምላኳን አመሰገነች።

በሳምንቱ ስልኳ በማለዳ ጠራ። ማን ሞተ ብላ አነሳችው። ካሣዬ ነበር፤ ያ የአራት ሺው ጌም መዘጋቱን፣ ሻጩም ስልክ አለማንሳቱን ነገራት።

ከዚያ ወዲህ ተሻለች ምክር ለሚጠይቃትም ለማይጠይቃትም ትመክራለች፦ የተጻፈውን ዋጋ ብቻ አይታችሁ ብር አታውጡ፤ ታክሱ ገብቶበት እንደሆነ፣ የዕለቱ ምንዛሪ ስንት እንደሆነ፣ ደረሰኙን የሚሰጣችሁ ማን እንደሆነ ጠይቁ። እንዲህ ያደረገ ሰው ብሩ አይባክንም፣ የገዛው ዕቃም በእጁ ይቆያል። አንዱን ግን ለማንም አትናገርም፦ ሰው ከመጠርጠር በፊት ሂሳቡን እስከ መጨረሻው መሥራት እንደሚገባ። ያን ለራሷ ነው የያዘችው።