የተምታታው የበሽተኞች ስም

ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ በሚወርደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣትና አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። የተዋወቁት እዚያው ነው።

«ሥራሽ ምንድን ነው ልጄ?»

«የኮምፒውተር ፕሮግራም እጽፋለሁ አባቴ። አሁን የጻፍነው ለሆስፒታል ነው።»

«በሽተኛ ያክማል?»

«አያክምም፤ የብዙ በሽተኛ መዝገብ ባንዴ ይይዛል። የአንዱን ጀምሮ ከላቦራቶሪ መልስ እስኪመጣለት የሌላውን ይሠራል። ስንሞክረው ግን ስም አምታታ። የአንዷን መድኃኒት በሌላዋ ስም ጻፈ።»

«በስመ አብ! ሰው ገደለ?»

«ኧረ የለም! ሙከራ ነው፤ በሽተኞቹንም እኛው ነን የፈጠርናቸው።»

«ተመስገን። ምን ነክቶት ነው?»

«የሁሉም ስም የሚቀመጠው አንድ ቦታ ነበር። አንዱ ሥራ ቆም ሲል ሌላው መጥቶ የራሱን በሽተኛ ስም ይጽፍበታል፤ የመጀመሪያው ሲመለስ በዚያ ስም ይቀጥላል።»

«ታዲያ ማን አቃናው?»

«እኔ! አለቆቼ አንድ በአንድ፣ በየተራ ይሥራ አሉ። በሽተኛ ተሰልፎ አይውልም ብዬ እምቢ አልኩ። ለእያንዳንዱ ሥራ ሌላው የማይነካው የራሱን ቦታ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ አንድም ስም አልተምታታም።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የሞላሌ ነኝ፤ አባቴ ገብስ አራሽ ናቸው።»

ሽማግሌው ወደ ተሳፋሪው ዞሩ።

«ሰማችሁ? የእኛው ልጅ ናት!»

እኔም ከኋላ ወንበር ላይ፣ ስሟን እንኳ ሳላውቅ፣ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።