ዘፈኗ መጨረሻ ላይ ትሁን

በመጋቢት መጀመሪያ፣ ከተራራው የሚወርደው ደረቅ ነፋስ ጥዶቻችንን ማወዛወዝ በጀመረ ሰሞን፣ የተዋስኩትን መሰላል ልመልስ ወደ መንደሩ አዳራሽ ሄድኩ። መሰላሉን ሳላወርድ ጭቅጭቅ ሰማሁ። የሶልጎል መንደር ሹም ጋሼ ማ ቴሺክ፣ የሰባ ስምንት ዓመቱ ሽማግሌ፣ የመንደሩን ድምፅ ማጉያ ማይክሮፎን ታቅፈው ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው ከወረዳው እሳት አደጋ የተላከችው አሠልጣኝ ፓንግ ሱልሂ ሰዓት ይዛ ተቀምጣለች።

«መምህር፣ እንኳን መጣህ! ፍረደን» አሉኝ። «ይቺ ልጅ ዘፈኔን ልትነጥቀኝ ነው!»

ነገሩ ቀላል አልነበረም። በማግስቱ የወረዳው ሰዎች የእሳት ማስጠንቀቂያ ልምምዱን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ጋሼ ቴሺክ አነጋገራቸውን ካላረሙ ማይክሮፎኑ ይነሣና ከከተማ የሚለቀቅ የተቀዳ ድምፅ ይተካል። እኔ ደግሞ የጋሼን ድምፅ እወዳለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መጀመሪያ ሟች ባለቤታቸው የመረጧት የጀልባ ዘፈን ትዘፈናለች፣ ከዚያ ጉሮሮ ይጠረጋል፣ ከዚያ «የተከበራችሁ የሶልጎል ነዋሪዎች፣ ቁርስ በላችሁ ወይ?» ይባላል። የጠፋች ፍየል፣ የእማማ ኦክቡን የልጅ ልጅ ሠርግ፣ የድንች ቂጣ የሚበላበት ሰዓት፣ ሁሉን የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ልጆቹ ዋና ከተማው ሴኡል ገብተው ግማሹ ቤት ባዶ ነው። ያ ዘመን ሲናፍቀኝ ጆሮዬ የሚፈልገው ያችን ጉሮሮ መጥረግ ነው።

«አባባ፣ ለካሁት እኮ» አለች ሱልሂ። «ዘፈኑና ሰላምታው አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ወሰደ። እሳት የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።»

«ታዲያ ሰው እንደ ውሻ በጩኸት ይባረር? ዘፈኑ ሲጀምር አሮጊቶቹ ወጥተው ጆሯቸውን ያቀናሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ አልሰማሽም?»

«ጆሮ ማቅናቱ እውነት ነው። ለሱ ሦስት ደወል ይበቃል። ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ ይንገሩ፤ እሳቱ የት ነው፣ ማን ይውጣ፣ በየት በኩል ይሂድ። ይድገሙትና ዝም ብለው የእሳት አጥፊዎቹን የእጅ ሬዲዮ ያዳምጡ።»

«እኔ? ዝም?»

«አዎ፣ እርስዎ። ትናንት ስንለማመድ ከበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቹ አንዱ ድልድዩ ተዘግቷል ሊል ሬዲዮውን ይዞ ቆመ። ለምን አልተናገርክም ስለው፣ ሽማግሌ እያወሩ እንዴት ላቋርጥ አለኝ።»

«ጨዋ ልጅ ነው! አባቱንም አውቀዋለሁ።»

«ጨዋነቱስ ያስመሰግነዋል። ድልድዩ ግን ዝግ ነው።»

ሳቄን ዋጥኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ደግሞስ ቤቶቹን ለምን በዕድሜ ቅደም ተከተል ይጠራሉ? ለእሳቱ ከሚቀርበው አይጀምሩም?»

«ነውር ነው! የዘጠና ሁለት ዓመቷ ኦክቡን እያሉ የትናንቱን መጤ ላስቀድም? ስሚ ልጄ፣ በታላቁ እሳት ጊዜ እዚችው ቆሜ በዕድሜ ጠራሁ። አንድ ሰው አልሞተም!»

ይቺን ዓረፍተ ነገር በየበዓሉ፣ በየሩዝ ጠላው ዙሪያ ስሰማት ኖሬያለሁ። ሁልጊዜ አንገቴን ነቅንቄ አልፋታለሁ። ያን ቀን ግን መሰላሉን አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን የእኔ ስም አርባ አንደኛ ነበር። እሳቱ የመጣው ደግሞ በእኛ ሰፈር በኩል፣ በታችኛው ምንጭ ነው።»

«ታዲያ ወጣችሁ አይደል?»

«ወጣን። ግን ከታላላቆች መቅደም ነውር መስሎን፣ ዕቃችንን ሸክፈን ስማችን እስኪጠራ በር ላይ ጠበቅን። ሲጠራ ጭሱ ቤት ገብቷል። ባለቤቴን ቹንጃን በጀርባዬ አዝዬ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሉ አልለቀቃትም፤ በሦስተኛው ዓመት ይዟት ሄደ።»

የቹንጃን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ ጋሼ ቴሺክ ነበሩ። ማይክሮፎኑን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳላስቀይምዎ ብዬ። ያ ልጅም ያላቋረጠዎት ለዚሁ ነው።»

እሳቸውን መውቀሴ አልነበረም፤ ይሉኝታችንን፣ የእሳቸውንም የእኔንም፣ መውቀሴ ነበር። ጋሼ ቴሺክ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«በይ አስጀምሪኝ። የት፣ ማን፣ በየት በኩል።» ቆይተው፣ እንደ ማፈር ብለው «ዘፈኗስ? የሚስቴ ናት እኮ» አሉ።

«ዘፈኗን ማን ጣላት፣ አባባ? መጨረሻ ላይ ትሁን። ሁሉም ሰው ተቆጥሮ፣ እሳቱም ሲጠፋ ያጫውቷት። ያኔ ሰው ደህና መሆኑን በሷ ያውቃል።»

በማግስቱ ልምምዱን አለፉ፤ ማይክሮፎኑም እሳቸው ጋ ቀረ። እውነተኛው እሳት የመጣው በሚያዝያ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። ሦስት ደወል ሰማሁ። «እሳት በታችኛው ምንጭ። የታችኛው ምንጭ ሰዎች ውጡ። በባሕሩ መንገድ ወደ ትምህርት ቤቱ። መምህር፣ ውጣ!»

የመጀመሪያው ስም የእኔ ነበር።

ሲደግሙት ከእጅ ሬዲዮው የአንድ ወጣት ድምፅ በማጉያው ውስጥ ገባ፤ ያው ጨዋ ልጅ ነው። «አባባ፣ ላቋርጥዎ! በባሕሩ መንገድ ዛፍ ወድቋል!» ሽማግሌው አልተቆጡም። «ሰምቻለሁ። በባሕሩ መንገድ ዛፍ ወድቋል። በላይኛው መንገድ ሂዱ» አሉ። እኛም ዞርን። ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ተቆጠርን፤ ሠላሳ ስምንት፣ አንድ ሳይጎድል። ሁለት ጎተራና የእኔ አጥር ተቃጠለ፤ የሳለ ሰው ግን የለም።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው። ክብር የሚገለጽባቸው ብዙ ቀኖች አሉ፤ በእሳት ቀን ግን ለሽማግሌ ትልቁ ክብር በሕይወት ማውጣት ነው። አጭር ቃል፣ የሚያዳምጥ አለቃና ሳይፈራ የሚናገር ታናሽ ከብዙ የውሃ ቦቴ ይበልጣሉ። ይህንንም አስቀድሞ ካልተለማመዱት በጭንቅ ሰዓት አይገኝም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እሳቱ ጠፋ፣ የጀልባዋም ዘፈን ተለቀቀች። ጋሼ ቴሺክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻዋ አጫወቷት። እማማ ኦክቡን አብረው አንጎራጎሩ፤ እኔ ለቹንጃ አለቀስኩ፣ ማንንም ሳላፍር። ከዚያ ማጉያው ውስጥ ጉሮሮ ተጠረገ።

«የተከበራችሁ የሶልጎል ነዋሪዎች፣ እራት በላችሁ ወይ?»